ከተበተነው ቡድን የቀረሁት

ዛሬ ከሰዓት በሮቦት ክፍላችን የቀለጠ የብየዳ ቆርቆሮ ሸተተኝና ያደግኩባት ከተማ መርሳ ፊቴ ድቅን አለች።

ጦርነቱ ሲደርስ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የሮቦት ቡድናችን ልጆች ከየቤተሰባቸው ጋር ሸሹ። እናቴ ታማ ስለነበር እኛ ቀረን። ጀምረናት የነበረችው ባለ ጎማ ሮቦትም እኔ ጋ ቀረች። በቡድኑ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወንዶቹ ሲገጣጥሙ የእኔ ሥራ ሽቦ መያዝ ነበር።

ሮቦቷን ለጎረቤታችን ለሬዲዮ ጠጋኙ ለጋሽ ሰይድ ወሰድኳት። መብራት ስለሌለ መበየጃውን በከሰል አጋሉና «በይ፣ ራስሽ በይጂ» አሉኝ። ጣቴን እያቃጠለኝ በየድኩ። ስጨርስ የገዛ ሬዲዮአቸውን ባትሪ ድንጋይ አውጥተው ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ ወሬውን በምን ሊሰሙ ነው?»

«ወሬው ይቆየኝ።»

ሮቦቷ ወለሉን አቋርጣ ሄደች። የሚያይልኝ ጓደኛ ስላልነበረ አለቀስኩ።

«አላህ ሲመልሳቸው ሽቦ ያዥ እንዳትሆኚ» አሉኝ። «አሁን መንገዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።» የምን መንገድ እንደሆነ አልገባኝም።

ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራችን «ቡድኑን ማን ይምራ?» አለ። እጄን አወጣሁ። የተከራከረኝ አልነበረም፤ ከወንዶቹ አንድም አልተመለሰማ።

አሁን ወልድያ ውስጥ ስድስት ልጆች ያሉበት የሮቦት ቡድን እመራለሁ። አንዱ ሲያረፍድ ግን ሥራዬን ትቼ በር በሩን አያለሁ።