የጋሼ ፍሬን ንጭንጭ

ሙቀት ሲገባ ያ መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል። ምግብ ቤቶቹ ጠረጴዛቸውን እያወጡ አስፋልት ዳር ይደረድራሉ፤ ባለ በቆሎው ከሰሉን ያራግባል፤ ባለ ጁሱ መፍጫውን እያስጮኸ የሰው ጆሮ ያደነቁራል። ሚስት "ዛሬስ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ እሳት አልነካም" ብላ ባሏን እየጎተተች ትወጣለች። ከዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ግን ድምፅዋ ከመፍጫው በላይ የሚሰማ አንዲት ሴት አለች። "ትኩስ! ትኩስ ነው! ሳይበርድ!" ትላለች። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ሰው ከተገኘ ያ ሰው ዘመዷ መሆን አለበት። ለመንገዱ ሁሉ እትዬ ትኩስ ናት።

የምትሸጠው ድንች ጥብስ ነው። አሁን ድንች ምን ወሬ አለው ትሉ ይሆናል፤ ድንችማ የትም ይጠበሳል። የሷ ጉድ ስልሱ ነው። የቲማቲሙን ልጣጭ ገፍፋ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ወቅጣ፣ ቃሪያውን አድቅቃ ከትፋ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በሙቀት ሲያንቀላፋ እቤቷ በዝግታ እሳት ታንተከትከዋለች። ማታ ማታ ከረባት ያሰሩ ትልልቅ ሰዎች ግራ ቀኝ አይተው ድንቹ የቀረበበትን ወረቀት በጣታቸው ሲጠርጉ መንገዱ ስንቴ ስቆባቸዋል!

ባሏ ጋሼ ፍሬን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ አንዲት ድመት መንገድ ዳር ካየ ሰው እላይ በላይ እስኪነባበር ድረስ ፍሬን ይይዝ ነበር። ጡረታ ወጥቶም አልተወውም፤ አሁን የሚይዘው በሚስቱ ምግብ ላይ ሆነ እንጂ። ስልሱ ከእሳት ከመውረዱ በፊት እትዬ ትኩስ በጭልፋ ጫፍ ታቀምሰዋለች፤ ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚያ ነው። እሱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ያጣጥማል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። አንድ ቀን እንኳ "ጥሩ ነው" የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

"ጨው ጎደለው" ይላል። ወይም "ጨው በዛ።" ወይም "ይሄን ቃሪያ ከሲኦል ነው ያስመጣሽው?" ሲያሰኘው ደግሞ ጭልፋውን እያየ "ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል" ብሎ ይተርታል።

"ንጭንጭህ ይግደለኝ!" ትለዋለች። "ባትቀምስስ ምን አለበት?" ትበለው እንጂ ሳታቀምሰው ከቤት ወጥታ አታውቅም።

አንድ ዓመት ሙቀቱ ሊገባ ሲል እትዬ ትኩስ በትኩሳት ወደቀች። መውደቅ ብቻ አይደለም፣ ጎረቤቱ ሁሉ እግዜር ይማርሽ እያለ የተመላለሰበት ክፉ በሽታ ነው። ጋሼ ፍሬን አልጋዋ ሥር ተኮራምቶ፣ በፎጣ ግንባሯን እያቀዘቀዘ፣ ራሱ ሾርባ አፍልቶ ራሱ እያሳረረ ከረመ። ደግነቱ ተነሣች። ድና ስትነሣ ግን አንድ ነገር አብሯት አልተነሣም። ሻይ ጠጣች፤ ሙቅ ውሃ። ሎሚ ላሰች፤ ምንም። ነጭ ሽንኩርት ሰንጥቃ አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ሳበች፤ ጠጠር ያሸተተች ይመስል ዝም።

ነገ ይመለሳል አለች። ነገም አልተመለሰም።  ምላሷ የሞተባት ሴት የሠራችውን ምግብ ማን ይገዛል? ያቺ የምትሸጥባት የመንገድ ጥግ ልጇ በጀርባዋ ታዝላ ሳለች የያዘቻት ጥግ ናት። ሙቀት በገባ ቁጥር ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲጫወት እሷ እቤት ተቀምጣ ግድግዳ ልታይ ነው? ለማንም አልተናገረችም፤ ለሐኪምም፣ ለባሏም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ፈርታ ነው።

ጭንቅላቷን ይዛ ስታስብ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፦ እቤት ውስጥ ሁለተኛ ምላስ አለ! ያውም የሚነጫነጭ ምላስ! ስልሱን በግምት ሠርታ ጭልፋውን ዘረጋችለት።

"ጨው ጎደለው" አለ ጋሼ ፍሬን ፊቱን አጨማዶ።

ልትስመው ምንም አልቀራት። ጨመረች፣ አቀመሰችው፣ "ቃሪያው ይቀነስ" አለ፣ ቲማቲም ጨመረች፣ ወጣች። ሰዉ እንደ ድሮው ወረቀቱን ጠረገ። ተመስገን አለች፤ እሱ እስካለ ድረስ ማንም አያውቅም።

እንግዲህ ነገር የሚበላሸው ሰው ሲጠላላ ብቻ የሚመስለው ካለ ይሄን ይስማ። በዚያው ሰሞን ያገባችው ልጃቸው እናቷን ልትጠይቅ መጣች፤ አባቷ ጭልፋ ይዞ ሲያማርርም ደረሰች። እጅጌውን ጎትታ ወደ በር አወጣችው።

"አባዬ፣ አሁንስ አታፍርም? እማዬ ከሞት አፋፍ ነው እኮ የተመለሰችው! አንድ ቀን ደህና ቃል ብትናገር ምላስህ ይቆረጣል?"

ጋሼ ፍሬን ሚስቱ ታማ አልጋዋ ሥር ተኮራምቶ በከረመበት ጊዜ እሱም ራሱ "ብቻ ትነሣልኝ እንጂ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም" ብሎ ነበር። ስእለቱን ልጁ አስታወሰችው። በማግስቱ ጭልፋው ሲመጣ ቀመሰ። ጨው በዝቷል። አፉን ከፈተ፤ ልጁ ትዝ አለችው፤ ዋጠው።

"ግሩም ነው" አለ። "እጅሽ ይባረክ።"

"ምን አልክ?"

"እጅሽ ይባረክ አልኩ! ጆሮሽም ታመመ እንዴ?"

እትዬ ትኩስ ያን ማታ ድንች ስትጠብስ ስታንጎራጉር አመሸች። ይኸው ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችውን ቃል ሰማችው፤ ስልሱም ልክ ነው ማለት ነው። በማግስቱ የትናንቱን ያህል ጨው አደረገች። ግን ስትቀምሰው ባዶ ነው፤ እጅ ደግሞ የለመደውን አይተውም፣ ምላስ ባዶ ነው ሲለው ይጨምራል። እንዳበዛች እየጠረጠረች ለባሏ ዘረጋች። "ከትናንቱም በልጧል!" አላት። በቃ፣ የዛሬው ልክ የነገ መነሻ ሆነ። በየቀኑ ቆንጠር፣ በየቀኑ ቆንጠር። እሱም በየቀኑ ያመሰግናል፤ አመስግኖ ደግሞ ማሰሮ ሙሉ ውሃ ይገለብጣል። "ምን ሆነህ ነው?" ስትለው "ሙቀቱ ነዋ" ይላል።

መንገዱስ? መንገዱ ጨዋ ሆነባት። ከበሽታ ለተነሣች ሴት ማን አፉን ሞልቶ ስልስሽ ጨው ነው ይላታል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እያለ ሁሉም በላ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ በእርምጃም አይደለም በሩጫ ወደ ባለ ጁሱ። እየዋለ እያደረ ግን ፈገግታውም ሳሳ፤ ደንበኛው አንድ በአንድ ወደ በቆሎው አዘነበለ። ወረቀቱን በጣታቸው ይጠርጉ የነበሩት ባለ ከረባቶች ስልሱን እንዳለ ትተው ይነሡ ጀመር። እትዬ ትኩስ ይሄን አየች።  "ትኩስ ነው!" የምትለው ድምፅዋም ወረደ።

አንድ ምሽት ባለ ጁሱ በትልቅ ብርጭቆ የማንጎ ጁስ ይዞላት መጣ።

"እትዬ፣ ይሄ ከኔ ነው። ዘንድሮ ሰው ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።"

"እኔ? ምን አደረግሁልህ?"

"ስልስሽን የቀመሰ ሁሉ ወደኔ አይደል የሚሮጠው! ያ ጨው..." አለና ከንፈሩን ነከሰ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አንዴ ወጥቷል።

እትዬ ትኩስ ጁሱን ጠጣችው። ምንም ምንም አይልም። ብርጭቆውን መለሰችለት፣ ምድጃውን አጠፋች፣ መጥበሻውን ከደነች። መንገዱ ጢም ብሎ ሳለ ትታ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጋሼ ፍሬን በካናቴራው ብቻ ሆኖ ማሰሮውን አቅፎ ተቀምጧል።

"ስልሱ ጨው በዝቶበታል?" አለችው ከበሩ ሳታልፍ።

"ማነው ያለው? ምቀኛ ነው!"

"አንተ ሰውዬ፣ በልጃችን ይዤሃለሁ!"

አንገቱን ደፋ። "እንደ ባሕር ውሃ" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካመሰገንኩሽ ቀን ጀምሮ።"

እዚያው ደፍ ላይ ዘጭ አለች። እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። "አልቀምስም እኮ" አለች። "ከታመምኩ ጀምሮ ምንም አልቀምስም፣ ምንም አላሸትም። ምላሴ አንተ ነበርክ። አንተን አምኜ ነው የወጣሁት።"

ጋሼ ፍሬን ማሰሮውን አስቀመጠ። "ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ምነው ዋሸኸኝ?"

"ክፉ ቃል አልናገርሽም ብዬ ተስዬ ነዋ! ከተነሣሽልኝ ብዬ!"

"እኔን አፈር ይብላኝ" አለች እያለቀሰች፣ ግን ሳቅም እየመጣባት። "ስእለትህን ሌላ ነገር አድርገው። በናትህ ክፉ ሁንልኝ!"

በማግስቱ ጋሼ ፍሬን ተጣጣፊ ወንበሩን ተሸክሞ አብሯት ወጣ። ስልሱ ያን ቀን እዚያው ጥጉ ላይ፣ ሰው እያየ ተሠራ። እትዬ ትኩስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "መቅመስ አቅቶኛል፣ ከእንግዲህ የሚቀምሰው እሱ ነው፤ ያልፈለገ በቆሎ ይብላ!" አለች። ባለ በቆሎው ማራገቡን አቆመ። ባለ ጁሱ መፍጫውን አጠፋ። ጋሼ ፍሬን ዓይኑን ጨፍኖ ቀመሰ።

"ጨው ጎደለው!"

መንገዱ እልል አለ። ጨመረች። "ቲማቲሙ ገና ነው። ቃሪያውን ማን ነው የከተፈው፣ በመጥረቢያ ነው?" እሱ ሲነጫነጭ እሷ ስታማስል፣ በመጨረሻ ፊቱ ተፈታና "ግሩ..." ሊል ሲጀምር ጭልፋውን አነሣችበት።

"ዋ! እንዳታመሰግነኝ!"

"እሺ፣ ይበላል" አለ። ባለ ከረባቶቹ ቀድመው ተሰለፉ።

ጣዕሟ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሐኪሙም ታገሺ ነው ያላት። ጥጓ ግን የራሷ ናት፤ ወንበሩም አጠገቧ ነው። ሰው ቀለል ሲል አንድ ወረቀት ለሁለት ይዘው ይቀመጣሉ። እሷ ድንቹን ስልስ ነክራ ትጎርስና "ምን ምን ይላል?" ትለዋለች። እሱም ይነግራታል፤ ያ ደህና ቃል የማይወጣው ሰውዬ።

"መጀመሪያ ቲማቲሙ ነው፣ ጣፈጥ ይላል። ነጭ ሽንኩርቱ ኋላ ይመጣል። ቃሪያው ጉሮሮ ላይ ነው የሚጠብቅሽ። አዲስ ተጋብተን የሠራሽልኝን ይመስላል።"

"ያኔ ምን ብለኸኝ ነበር?"

"ጨው በዛ።"

"በዝቶ ነበር?"

ጋሼ ፍሬን ወረቀቱን በጣቱ ጠረገ።

"አልበዛም" አላት።