መጽሐፍ የምትስመው ልጅ

ስንዴው ለአንድ ቤት ብቻ ነበር። ንጉሡ የወረዱ ጊዜ፣ ክፉው ረሃብ ገና ከቤታችን ሳይወጣ፣ ዘማቾች ወደ መካነ ሰላም መጡ። ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ገጠር የተላኩ የከተማ ተማሪዎች ናቸው። ከአንድ ባላባት በተወረሰ ቤት ንባብ ቤት ከፈቱና ቤቱን የምትጠርግ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ፊደል ላልቆጠረው ሰው ጮክ ብላ የምታነብ አንዲት ልጅ ፈለጉ። ደመወዝ የለውም። የተመረጠችው ልጅ ቤተሰብ ግን በየወሩ የእርዳታ ስንዴ ከሚሰፈርላቸው ጋር ይመዘገባል።

በቀበሌያችን ስድስተኛ ክፍል ጨርሰን ቤት የዋልን ሴቶች ሁለት ነበርን፤ እኔና ጓደኛዬ። እኔ ያለችኝ እናቴ ብቻ ናት። አባቴ እህል ፍለጋ ወደ ደሴ እንደሄደ ቀረ። ጓደኛዬ የቄስ ልጅ ናት። የቤተ ክርስቲያኑ መሬት በአዋጅ ከተወሰደ ወዲህ አባቷ የሚያስገቡት እህል የለም፤ እናቷ አልጋ ይዘዋል፤ ገና ድክ ድክ የምትል ታናሽ እህትም ነበረቻት። ከሁለታችን ቤት የባሰበት የእነሱ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

የዘማቾቹ አለቃ መነጽር የሚያደርግ ቀጭን ልጅ ነበር። ሁለታችንንም ጠርቶ ሁለት መጻሕፍት ሰጠን።

«ሁለቱን ደራሲዎች አንብባችሁ ታወዳድራላችሁ። ከዚያ አንዱን ትመርጣላችሁ፤ ሕዝቡ ይፈርዳል» አለን።

ደራሲዎቹ ስማቸው በሬዲዮ የሚነሳ፣ ዘማቾቹ ምሳ እየበሉ እንኳ የሚከራከሩባቸው ነበሩ። አንዱ ሽማግሌ ነው፤ አንዱ ጎልማሳ። መጻሕፍቱን ተቀያይረን አነበብናቸው። ሽማግሌው አይቸኩልም። አንድ ሰው በር ከፍቶ እስኪገባ ድረስ ስለ በሩ ይነግርሃል። መጽሐፉ ውስጥ አንዲት የተራበች ሴት አለች፤ በየማለዳው ባዶ ሳህን አጥባ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እንዲመታው ትደፋዋለች፣ ጎረቤት ሲያይ በልተው ያደሩ እንዲመስለው። እዚያ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥሁ። ጎልማሳው ግን ፈጣን ነው፤ ያስቃል፤ ሰው ሰውን እንዴት እንደሚያዋርድ ያውቅበታል። የእሱ ረሃብተኞች ግን አደባባይ ቆመው ይናገራሉ። እኔ ያየሁት ረሃብተኛ አይናገርም። የጎልማሳውን መጽሐፍ ከግማሽ በላይ ሳላነብ ተውሁት።

አንድ ቀን መጽሐፉን ልመልስ ወደ ንባብ ቤቱ ስሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። አለቃው ለጓደኛው ሲናገር ሰማሁት።

«ሽማግሌው የባላባቶች ደራሲ ነው። እሱን የመረጠች ልጅ ሕዝብ ፊት ቆማ ልታነብ አይገባም።»

ሳላንኳኳ ተመለስሁ።

በማግሥቱ ጓደኛዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አገኘችኝ። የሽማግሌውን መጽሐፍ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«እታለም፣ አንቺ ማንን ልትመርጪ ነው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ።»

«እኔ ይኼን። የሳህኑን ቦታ ላነብላቸው ነው። ጥፋት ይኖረው ይሆን?»

«ምን ጥፋት አለው? የወደድሽውን በይ እንጂ።»

አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ መጽሐፉን ሳመችውና ገለጠችው። በእነሱ ቤት መጽሐፍ ሳይሳም አይገለጥም። አባቷ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ ሲያወጡ ስመው፣ ግንባራቸውን አስነክተው ነው። እሷም የሒሳብ መጽሐፍ እንኳ ስታወጣ ያንኑ ታደርጋለች። ተማሪ ቤት ሲስቁባት «ኧረ ምን ሠራሁ?» ትል ነበር፤ እንደምትስም አታውቀውም። «ነገ እንዳትስሚው» ልላት ይገባ ነበር። አላልኋትም።

በማግሥቱ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። እሷ ቀደመች። መጽሐፉን ተቀበለች፣ ሳመችው፣ ግንባሯን አስነካችው።

«ኧረ ቀድሺልን!» አለ አንዱ ከኋላ። ጥቂቶች ሳቁ።

ማንበብ ስትጀምር ግን ሳቁ ቆመ። ሳህኑ ጋ ስትደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አንድ ጨው ነጋዴ ብድግ ብለው «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ታንብብልን! ሌላም አያስፈልግ!» አሉ።

አለቃው ዝም አሰኛቸው። «ለምን መረጥሽው?» አላት።

«እናቴ እንዲህ ስታደርግ ስላየሁ ነው» አለች።

አለቃው መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። «ይኼ ደራሲ ለድሃ ያለቅሳል እንጂ ድሃውን አያነሳም። እስቲ የሚቀጥለው።»

እኔ ተማሪ ቤት ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ ነኝ። አግዳሚውን ደገፍ ብዬ ተነሳሁ።

«ማንን መረጥሽ?»

«ጎልማሳውን።»

«ለምን?»

ያልጨረስሁትን መጽሐፍ ምን ብዬ ላሞግስ? ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ጓደኛዬን አየኋት። «አይዞሽ» በሚል ዓይን አንገቷን ነቀነቀችልኝ። ያኔ ነው ቃሉ የመጣልኝ።

«የእሱን መጽሐፍ ማንም አይስመውም» አልሁ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወንዶቹ አግዳሚውን ደበደቡ። «ስመሽ ግቢ፣ የቄሱ ልጅ!» አለ ያ የኋላው ሰው። አለቃው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «ንቃት ማለት ይኼ ነው!» አለ። እጅ አውጡ ሲባል ቅድም ያለቀሱት ሴቶች ሳይቀሩ ለእኔ አወጡ። ጨው ነጋዴው ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው ቀሩ።

ጓደኛዬ በእጇ ጀርባ ከንፈሯን ጠረገች። እንደገናም ጠረገች።

ስንዴው መጣ። እናቴ እየለቀመች «ያቺ የቄሱ ልጅስ?» አለችኝ።

«እነሱ ሌላ ያገኛሉ።»

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ስንዴዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። ያን ቀን ቂጣው አልጣፈጠኝም ብል ውሸት ነው። ጣፍጦኛል።

የጓደኛዬ ታናሽ እህት ወሩ ሳይሞላ ሞተች። ቀብር አልሄድሁም፤ ንባብ ቤቱን የምከፍትበት ሰዓት ነበር። ልዝጋው ብል ማንም አይከለክለኝም ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን ጎልማሳውን እያነበብሁ ጓደኛዬ ገባች። ክፍሉ ውስጥ ዘማች የለም፤ አህዮቻቸውን ደጅ ያሰሩ ገበሬዎች ብቻ ናቸው። ምዕራፉ እስኪያልቅ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ ጠጋ አለች።

«ልንሄድ ነው፤ ነገ በአጅባር አድርገን ወደ ደሴ። እናቴ ሕፃኗ ከተቀበረች ወዲህ ከማንም አትነጋገርም። የሽማግሌውን መጽሐፍ ዛሬን ብቻ ስጪኝ። ላንብብላት።»

መጽሐፉ አጠገቤ ባለው ሣጥን ውስጥ፣ እንዳይነበቡ ከተባሉት ጋር ነበር።

«አይሰጥም» አልኋት።

«ማን ያያል?»

«አይሰጥም አልኩሽ።»

«ሳይነጋ እመልሰዋለሁ። ደጃፍሽ ላይ አኖርልሻለሁ።»

አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ስጫት እንጂ አንቺ ልጅ፣ ወረቀት አይደለም ወይ!» አሉኝ።

እጄ ሣጥኑ ላይ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ማውጣት ብቻ ነው። ግን አንድ ጊዜ ከሰጠኋት ከዚያ በኋላ ፊቷን ማየት ይኖርብኛል፤ ለማመስገን ትጎነበሳለች፣ እኔም ይቅርታ ማለት ይኖርብኛል። ይቅርታ ካልሁ ደግሞ ስንዴው የማን እንደነበር አፌ ይመሰክራል። ይኼን ሁሉ በአንድ አፍታ አሰብሁና ጎልማሳውን ገለጥሁ።

«ንባቡን አታቋርጪብን» አልኋት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ወጣች። የት እንደደረሱ ከአጅባር ገበያ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እጠይቅ ነበር፤ አየሁ ያለኝ የለም።

ንባብ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ጎልማሳውን ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ጥሩ ደራሲ ነው፤ እንደኔ ያለውን ሰው አሳምሮ ያውቀዋል። ሽማግሌው አያውቀኝም፤ መጽሐፉ ውስጥ ክፉ የሚሠራ ሰው ሁሉ በመጨረሻ ያለቅሳል። የምወደው ግን እሱን ነው። ሲዘጋ መጽሐፉን ሰርቄ ወሰድሁት። እናቴ እስክትሞት ድረስ በአንድ ቤት ስንኖር፣ አንብቢልኝ እያለችኝ፣ ከእሱ አንድም ገጽ አላነበብሁላትም።