ዱጉማና ገዲሴ የመረጡት ሳክስፎን

ኦቦ ዱጉማ ከሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለው መሬታቸው ጤፍና ምስር እያረሱ የኖሩ፣ ንግግር የማያበዙ ገበሬ ነበሩ። እኔ እዚያው አካባቢ አስተማሪ ስለነበርኩ ደብዳቤም ሆነ ማመልከቻ ሲኖራቸው ወደ እኔ ይመጡ ነበር። ልጃቸው አንድ ነው፤ ሮበሌ። ሮበሌ በቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ሳክስፎን ይነፋል። መሣሪያው የቀበሌው ስለሆነ ከአዳራሹ አይወጣም። አባቱ ሲነፋ አይተውት አያውቁም፤ እናቱ አዴ ገዲሴ ግን አንድ የአብዮት በዓል ቀን ከሕዝቡ መሀል ቆመው አይተውታል።

በ1979 ሮበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ሁለት ወር ያህል እንደቆየ፣ ወደ ማሠልጠኛው ዱቄት የሚያመላልስ ሾፌር የቃል መልእክት ይዞ መጣ። የሙዚቃ ጓድ ሊቋቋም ነው፤ የሚነፋ ሰው ሲጠየቅ ሮበሌ እጁን አውጥቷል፤ መሣሪያ ግን የለም። የራሱን ያመጣ ይመዘገባል፣ የተመዘገበ ደግሞ ለጊዜው ግንባር አይሄድም ተብሏል። ሾፌሩ ከዚህ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም።

ኦቦ ዱጉማ በሳምንቱ አንዱን በሬ ሸጡ። ወደ መርካቶ አብሬያቸው እንድሄድ ለምነውኝ ነበር፤ የፈተና ሰሞን ነውና ቀረሁ፤ ከአዴ ገዲሴ ጋር ሄዱ። ብሄድም ከሙዚቃ መሣሪያ አንዱን ከሌላው አልለይም። የሆነውን በኋላ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

ምናለሽ ተራ አጠገብ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ኑሪ የሚባል ነጋዴ ሦስት ሳክስፎኖች አወጣላቸው። “አልቶ ነው ቴነር የምትፈልጉት?” አላቸው። ባልና ሚስት ተያዩ። እንደ መጠኑ የተለያየ ስም እንዳለውም አያውቁም ነበር። ኑሪ ልጁ ሲነፋ መሣሪያው እስከ የት ይደርስ እንደነበር ጠየቃቸው። አዴ ገዲሴ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙና ሁለት እጃቸውን ከደረታቸው እስከ ቀኝ ጭናቸው ዘረጉ። “እንዲህ ነበር። እዚህ ጋ ያርፋል” አሉ። “እንግዲያው ትልቁ፣ ቴነሩ ነው” አለ ኑሪ፤ ትንሹን አልቶም ከፊታቸው አነሳው።

ሁለት ቀሩ። አንዱ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ ሌላው ጎኑ የተጨረመተ፣ ጣት የሚያርፍባቸው ቦታዎች ወርቃቸው ለቆ የጠቆሩ። ኦቦ ዱጉማ እንዲነፋላቸው ጠየቁ። ኑሪ ግን ይሸጣል እንጂ አይነፋም፤ የሚነፋለት ጎረቤቱም በዚያ ቀን አልነበረም። እሳቸው ራሳቸው አፋቸው ላይ አድርገው ሞከሩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። በሌላኛውም ያው ነው። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ።

መጨረሻ ላይ በሚያውቁት መንገድ መረጡ። በሬ ሲገዛ ጫንቃው ይታያል፤ ቀንበር ያረፈበት ጫንቃ ሥራ የለመደ ነው። ጣት የበላውን ያዙ። ኑሪ ምርጫቸው መልካም ይሁን አይሁን ማለት አልቻለም፤ ሣጥኑን ብቻ በጨርቅ ወልውሎ ሰጣቸው።

በማግሥቱ ሣጥኑን ይዘው ማሠልጠኛው በር ላይ ደረሱ። የበሩ አሥር አለቃ የሮበሌን ስም ከመዝገብ ፈልጎ አገኘውና ቀና አለ። ሮበሌ ያለበት ምድብ ባለፈው እሑድ ተንቀሳቅሷል። ወዴት እንደሆነ ኦቦ ዱጉማ ጠየቁ፤ እሱም አያውቅም። አዴ ገዲሴ ሣጥኑን እንዲያደርስላቸው ለመኑት። አሥር አለቃው ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እማማ፣ ይዘውት ይመለሱ። እዚህ ከቀረ እሱ ዘንድ አይደርስም” አላቸው።

ከዚያ በኋላ ሣጥኑ የሮበሌ መደብ ላይ ተቀመጠ። አዴ ገዲሴ በየሳምንቱ እየከፈቱ ይወለውሉታል፤ ቀዳዳዎቹን የሚከድነው ቆዳ እንዳይደርቅም ቅቤ ይቀቡታል። ቅቤው ይጠቅም እንደሆነ ይጎዳ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኳቸው።

ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ። የቦታ ስም የለውም፣ የክፍል ቁጥር ብቻ። ሮበሌ ደህና ነው፤ እግሩ ቆስሎ ነበር፣ ድኗል። “በሾፌሩ ስለላክሁት ነገር አትጨነቁ፤ አሁን ሌላ ሥራ ተሰጥቶኛል” ይላል። አንብቤ ስጨርስ ኦቦ ዱጉማ፣ “ገዝተንልሃል ብለህ ጻፍለት” አሉኝ።

“አይጻፍ” አሉ አዴ ገዲሴ። “እዚያ ሆኖ ሲሰማ ምን ያደርግበታል?”

ብዕሬን ይዤ ጠበቅሁ። ኦቦ ዱጉማ “ተወው” አሉኝ። ክረምቱ በጊዜ መግባቱን፣ ሁሉም ደህና መሆኑን ጽፌ አሸግሁት። መልስ አልመጣም።

በ1981 ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወርኩ። ልሰናበታቸው ስሄድ ኦቦ ዱጉማ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። በምሄድበት አገር የሚነፋ ሰው ካገኘሁ አንድ ቀን ይዤው እንድመጣ ለመኑኝ፤ የመረጡት ጥሩ ይሁን መጥፎ ማወቅ ብቻ ነው የፈለጉት። ቃል ገባሁላቸው። የተመደብኩበት ግን ከከተማ የራቀ ትምህርት ቤት ነበርና ሰው ሳላገኝ ዓመታት አለፉ፤ መንግሥትም ተለወጠ። ስመለስ ኦቦ ዱጉማ አርፈው ነበር። አዴ ገዲሴ ከጦሩ የተመለሱትን ሁሉ እየዞሩ ጠይቀዋል፤ ሮበሌን አይቻለሁ ያላቸው ግን አልነበረም።