ከገላባት ገበያ የገዛሁት የወታደር ኮት

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም፤ ሰሊጥ የሚራገፍበት ሰሞን እንደነበር ግን አልረሳም። መተማ ዮሐንስ ላይ ወጣቶች ሰልፍ ወጥተው አስፋልቱን በድንጋይ ዘጉት። ወታደር መጣ። ድንጋዩ ተነሣና በድንጋዩ ቦታ ወታደሩ ቆመ፤ መንገዱ ያው እንደተዘጋ ቀረ።

ያሳጨድኩት ሰሊጥ ነዶው ማሳ ላይ እንደቆመ ደርቆ አፉን ከፍቷል። በሁለት ቀን ካልተራገፈ ፍሬው መሬት ላይ ማለቁ ነው። ሠራተኞቹ ከተዘጋው መንገድ ማዶ ማሳው ላይ ናቸው፤ የሚያራግፉበት ሸራ እኔ ቤት።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የምትጽፈው ጎረቤቴ፣ "አባባ፣ የሚያሳልፍዎ አንድ ወረቀት ልጻፍልዎ" አለችኝ።

"ወረቀትሽን ለከሳሽና ለተከሳሽ" አልኳት። ወታደርን እንደ ወታደር ሆኜ ላናግረው ብዬ፣ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ገበያ የገዛሁትን፣ የማን አገር ጦር እንደጣለው የማላውቀውን ኮት ለበስኩ። በዚያ ሙቀት! ሸራዬን ተሸክሜ ወታደሮቹ የቆሙበት ኬላ ስደርስ ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል።

"አባት፣ የየትኛው ጦር ነዎት?" አለኝ ወታደሩ።

"የሰሊጥ ጦር።"

አልሳቀም። ወስደው ለጊዜው ማሰሪያ ያደረጉት ትምህርት ቤት ውስጥ አስቀመጡኝ። ከሰልፉ የተያዙት ልጆች ዴስክ ላይ ተደርድረው ነበር። "ተነሡ! ጄኔራላችን መጡ!" ብለው አጨበጨቡልኝ። ከመካከላቸው አንዱ ግን ሳይስቅ፣ "ፖሊስ እያለ ለምን ወታደር ያስረናል?" ሲል ጠየቀኝ። እኔ የማስበው ስለ ሰሊጤ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤቴ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ጠጋ ብዬ፣ "የእኔን ስም ብቻ ጻፊ፤ ሰሊጤ እየረገፈ ነው" አልኳት።

"ለእርስዎ ብቻ የወጣ ሕግ የለኝም፣ አባባ" ብላ የሁሉንም ጻፈች። ወረቀቱን ለመቶ አለቃው ሰጠችና፣ "በማን ትእዛዝ ነው ያሰሯቸው?" አለችው።

"እኔ የታዘዝኩት መንገድ እንዳስከፍት ነው።"

"እንግዲያው መንገዱን ያስከፍቱ። እነዚህን ለፖሊስ ያስረክቡ፤ ጣቢያው ያውና። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለባቸው።"

መቶ አለቃው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ፣ ስልክ ደወለ፣ ከዚያ አስረከበን። ልጆቹ በዚያው ቀን ዳኛ ፊት ቀረቡ። እኔን ፖሊሶቹ ኮቴን አይተው እስኪበቃቸው ሳቁና አሰናበቱኝ።

ማሳው ስደርስ እርግቦቹ ቀድመውኝ ግማሹን ከመሬት ለቅመዋል። የተረፈውን አራገፍን። ኮቱን ለማስፈራሪያ ብሰቅለው እርግቦቹ መጥተው ትከሻው ላይ አረፉ።

ለሰው ሳወራ፣ "ሽበቴን አይተው ለቀቁኝ" እል ነበር። ውሸቴን ነው። ያስለቀቀችኝ ያቺ ማመልከቻ ጸሐፊ ጎረቤቴ ናት።