አብተው፣ ዳገቱና የማርሹ ድምፅ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ቤንዚን በኩፖን ነበርና ናዝሬት ውስጥ ባለብስክሌት ባለመኪናውን እያፏጨ ያልፈው ነበር። ከእነዚህ ባለጊዜዎች አንዱ ልብስ ሰፊው አብተው ነው።

ብስክሌቱ የድሮ ጣሊያን ሠራሽ ናት። ከመሪው በታች ብረቱ ላይ ያለው የማርሿ እጀታ በየማርሹ የሚቆምበት ማረፊያ የለውም፤ በጣት ቀስ እያሉ ይገፉታል፣ የካቴናው መንገጫገጭ ሲያቆም ማርሹ ገባ ማለት ነው። ጓደኛው ደሊል ግን ወንድሙ ከጅቡቲ በባቡር ያመጣለት አዲስ ብስክሌት አለው፤ እጀታውን ነካ ሲያደርጉት «ቀጭ» ይላል፣ አበቃ።

«ይሄ ለደንቆሮ የተሠራ ነው» ይላል አብተው። «እኔ ማርሽ የማስገባው በጆሮዬ ነው!»

ጉድ ያፈላው ያው ጆሮ ነው። አብተው የሺዓለም የምትባለውን ልጅ ካላገባሁ ብሏል። አባቷ አቶ ወልደአማኑኤል ደግሞ አመሻሽ ላይ ደጃፋቸው ይቀመጣሉ፤ ዳገቱም የሚጀምረው እዚያው ነው። አብተው እዚያ ሲደርስ አንድ እጁ እጀታው ላይ፣ አንገቱ ወደ ካቴናው ዘመም ብሎ፣ ቀና ሳይል እልም ይላል። ሽማግሌ ሲልክ መልሱ አጭር ሆነ፦ «ሰላም ለማይለኝ ሰው ልጅ የለኝም!»

አብተው እህል አልበላ አለው። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ደሊል ዘንድ ሄደ።

«ደሊሌ፣ እባክህ ያን የደንቆሮ ብስክሌት ለዛሬ አውሰኝ።»

«አሁን ደንቆሮው ማን ሆነ?» አለ ደሊል፤ አዋሰው ግን።

አቶ ወልደአማኑኤል ደጃፍ ሲደርስ የማርሹን እጀታ ነካ አደረገው። ቀጭ! እጁ ነፃ ወጣ። ደስታው ልክ አጣና በአንድ እጁ ባርኔጣውን አነሣ፣ ሌላውን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «እንደምን አመሹ ጋሼ!» መሪውን የያዘ እጅ ስላልነበረ ብስክሌቱ ወደ ሽማግሌው ታጠፈ፤ አብተው ከነባርኔጣው እግራቸው ሥር ተዘረጋ።

አቶ ወልደአማኑኤል ጋቢያቸውን ሰብስበው ቁልቁል አዩት።

«አንተ ልጅ፣ አባቴ በቅሎ ላይ ሆኖ ትልቅ ሰው ሲያገኝ ወርዶ ነበር ሰላም የሚል። ከዚህ ነገር ላይ መውረድ አይቻልም እንዴ?»

አብተው አፈሩን ከጢሙ እያራገፈ አሰበ። ይህ አንድም ቀን አልመጣለትም ነበር።

«ይቻላል ጋሼ።»

«እንግዲያው ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ።»

ከሠርጉ በኋላ አብተው ወደ አሮጌዋ ብስክሌቱ ተመለሰ። አማቱ ደጃፍ ሲደርስ ይወርዳል፣ እጅ ይነሣል። ዳገት ላይ ቆሞ እንደገና መነሣት አይሞከርምና ከዚያ በኋላ ብስክሌቷን እየገፋ በእግሩ ይወጣል።