ወላይትኛ እንደማልሰማ ሆኜ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ወላይታ ውስጥ ካለችው ከቦምቤ ከተማ ደወለችልኝ። በሶሻል ወርክ ተመርቃ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነው። «አክስቴ፣ ሰዎቹ እውነቱን አይነግሩኝም። ግቢያቸው ስገባ ፊታቸው ይለወጣል» አለችኝ። ታገሺ፣ ይለምዱሻል አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥኩ። የነገርኳት ማንም የሚለውን ነው፤ የራሴን አልነገርኳትም።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ነው። እኔ በወላይታዋ በዴሳ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሆኜ ተቀጥሬ የሙከራ ጊዜዬን እንኳ አልጨረስኩም። ወላጆቼ ወላይታ ናቸው፤ ያደግኩት ግን አዋሳ ስለሆነ አማርኛዬ የሌላ አገር ሰው ያስመስለኛል። ይህን እንደ ጥሩ መሣሪያ ቆጠርኩት። ከወላጆቼ የለመድኩትን ወላይትኛ እንደማላውቅ ሆኜ ከተቀመጥኩ ሰዎቹ በመሃላቸው የሚያወሩትን እሰማለሁ፣ ማንም አያታልለኝም ብዬ አሰብኩ። ያኔ ሁሉም ሰው የሚያታልለኝ ይመስለኝ ነበር።

በሐምሌ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ደብዳቤ ጻፈ። አመነች የምትባል ሴት የሟች እህቷን ልጅ ታሰቃያለች፣ ክንዷን በእሳት አቃጥላለች፣ ልጅቷ ሶዶ ወዳለው የሕፃናት ማሳደጊያ ትወሰድ ይላል። አጣሪ ሆኜ ተላክሁ። ከበዴሳ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። ቀዩ ጭቃ ጫማ እየነቀለ፣ የእንሰቱ ቅጠል ያቆረውን ዝናብ አንገታችን ላይ እያፈሰሰ፣ ሊቀመንበሩ ከፊት እኔ ከኋላ ሄድን።

አመነች ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የተቀቀለ ጎደሬ በቃሪያና በቅመም ከተፈጨ ዳጣ ጋር አቀረበችልን። የዳጣው ሽታ ብቻውን ምራቅ ያመጣል፤ እኔ ግን መደለያ መስሎኝ አልነካሁትም። ሊቀመንበሩ በላ። ትግስት፣ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ የአክስቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች። ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

በአማርኛ ጠየቅሁ፤ ሊቀመንበሩ አስተረጎመ። አመነች በወላይትኛ ረጅም መልስ ሰጠች። «እሳቱ የነካት እናቷ ሳትሞት፣ በእናቷ ቤት ነው፤ ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ ካርዷ እዚያ አለ» አለች። እሱ ወደ እኔ ዞሮ «እንዴት እንደተቃጠለች አላውቅም ነው የምትለው» አለኝ። ከዚያ ጎደሬውን እያላመጠ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ በወላይትኛ «አባቷ ለልጅቷ ስለተወው መሬት አንዲት ቃል ብትወጣሽ ከእርዳታ እህሉ ስም ዝርዝር አስወጣሻለሁ» አላት።

ፊቴን አልለወጥኩም። እንዲያውም ዘዴዬ ሠራ ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ወደ በዴሳ ስንመለስ ግን ጥርጣሬዬ መድረሻ አጣ። ሊቀመንበሩ ልጅቷ ስትሄድ መሬቱን ሊወስድ ፈልጓል፤ አመነችስ ልጅቷን የያዘችው ለመሬቱ ብላ ቢሆንስ? ካርዱ ባይኖርስ? ኃላፊዬን ባማክር «ቀበሌው ሕዝቡን ያውቃል፤ አንቺ ገና ትናንት ነው የመጣሽው» አለኝ። በመጨረሻ ማንም የማይወቅሰኝን ጻፍኩ፤ ልጅቷ ለጊዜው ትነሳ። ፈረምኩ።

በሳምንቱ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ልወስዳት ሄድኩ። ሁለት ሚሊሻዎች አብረውን ነበሩ። አመነች አልጮኸችም፤ የልጅቷን ፊት በውኃ አጠበችና አንድ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ቋጠረችላት። መኪናው በር ላይ ስንደርስ ትግስት እጄን ያዘችና በወላይትኛ «ትመልሺኛለሽ?» አለችኝ። ሳላስበው በዚያው ቋንቋ «አትፍሪ፣ የኔ ልጅ፣ እመልስሻለሁ» አልኳት።

ቀና ስል አመነች እያየችኝ ነው። «ትሰሚ ነበር?» አለች ቀስ ብላ። «ያን ቀን ሰውዬው ያለኝን ሁሉ ትሰሚ ነበር?»

ፊቴን አዙሬ ልጅቷን ወደ መኪናው አስገባሁ። መኪናው ውስጥ ልጅቷ እስከ ሶዶ ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርዱን ነርሷ ወዲያው አገኘችው። ቃጠሎው የተመዘገበው እናቷ ከመሞቷ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ «ልጅቷን ያመጣት» ከሚለው ፊት ለፊት የአመነች ስም ተጽፏል። ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍኩ፤ የሰማሁትን ዛቻም ጨመርኩበት። ኃላፊዬ አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «ሊቀመንበሩን ከሰሽ የት ልትሠሪ ነው?» አለኝ። ሌላ ቅጂ ጻፍኩና ለዞኑ መሥሪያ ቤት በእጄ አስረከብኩ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ቅጥሬ ሊቋረጥ ነው እያልኩ ስብሰለሰል፣ ቀን ቀን የባልደረቦቼን ሹክሹክታ ሁሉ ስለ እኔ ነው እያልኩ ሦስት ወር አለፈ። የመስቀል ሰሞን አልፎ ኅዳር ሲገባ ውሳኔው መጣ። ልጅቷ ትመለስ። ሊቀመንበሩን የነካው ሰው የለም፤ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ።

ትግስትን ራሴ ይዣት ሄድኩ። ቀጥናለች፣ ዝምተኛም ሆናለች። ግቢው ስንደርስ አመነች ጉንጯንና ክንዷን ዳበሰች፣ ወደ ቤት አስገባቻትና ብቻዋን ተመልሳ መጣች። በወላይትኛ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ። በተሰባበረ አማርኛ ነበር የተናገረችው።

«እኔም አማርኛ ትንሽ ትንሽ ይሰማል። ሰውዬው ለአንቺ ውሸት ሲነግር ሰማሁ። ለእኔ ሲዝት ደግሞ አንቺ ሰማሽ። ሁለታችንም ሰምተናል። መናገር የሚችለው ግን አንቺ ነበር።»

እንድቀመጥ አልጋበዘችኝም። በዚያ ጭቃው በደረቀ መንገድ ብቻዬን ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት በዚሁ ሥራ ቆየሁ፤ ኃላፊም ሆኛለሁ። ማንም ቤት ስገባ ሰላምታዬ በወላይትኛ ነው፤ የምጽፈውንም እዚያው አንብቤላቸው እወጣለሁ። ቢሆንም ብዙዎቹ ይጠረጥሩኛል። ደግ ሰው መሆኔን ከፊቴ ማወቅ አይችሉም፤ ከእጄ የሚወጣው ወረቀት ግን ልጃቸውን ሊወስድ እንደሚችል ያውቃሉ። እውነት ለመናገር እኔም እስከ ዛሬ አንድ ነገር አላወቅሁም፤ ትግስት እጄን ባትይዘኝ ኖሮ ያን ሁለተኛ ሪፖርት እጽፈው ነበር?