ሆም ስዊት ሆም የተሰፋበት ሰፌድ

ሐሚዳ እንግሊዝኛ አታነብም። ይሁን እንጂ ጀጎል ውስጥ እንደ እሷ «ሆም ስዊት ሆም» ብሎ ያለ እንከን የሚጽፍ ሰው የለም። የምትጽፈው በወስፌና በአክርማ ሣር፣ ሰፌድ ላይ ነው።

ጣጣውን ያመጣው ነጋዴው ዐብዱናስር ነው። ፈረንጆች ይህን ጽሑፍ ይወዱታል አለና ሥራውን በላይ በላዩ አሸከማት። የመጀመሪያዎቹ ሰፌዶች ተመለሱ። ጽሑፉ ክቡን ዞሮ ስለሚገጥም ከየት እንደሚነበብ ለገዢዎቹ ጠፋባቸው። መላ ያገኘችው ልጇ ሐዲያ ናት።

«እማዬ፣ ይሄ የተለመደ አባባል ነው፤ ቃሉ ቦታውን ከለቀቀ ይስቁብናል። መነሻው ላይ ቀይ ኮከብ ጣል አድርጊበት።»

ከዚያ ወዲህ አንድም አልተመለሰም። መዘዙም ይሄው ነው፤ እንዲህ የሚሠራን ሰው ማን ይለቀዋል?

«ምን ማለት ነው ግን?» ብላ ጠየቀቻት ሐሚዳ አንድ ቀን።

«እንደ ቤት የሚጥም የለም እንደ ማለት ነው።»

ሐሚዳ ከት ብላ ሳቀች። ከስፌቱ ብዛት ከቤት ከወጣች ስንት ጊዜዋ።

እንዲህ እያለች የሐዲያ ሰርግ ቀን ተቆረጠ። የሙሽራ ግድግዳ የሚደምቀው በእናቷ ስፌት ነው፤ ሴቶቹም አንድ በአንድ እያዩ እናትየዋን ይመዝኑበታል። ሐሚዳ ለልጇ ገና አንድም አልሰፋችም። በግድግዳዋ ላይ የነበሩትን የሟች እናቷን ሰፌዶች እንኳ፣ አሮጌ ይፈለጋል ብሎ ዐብዱናስር ከወሰዳቸው ቆይቷል።

«የዚህን ወር ተወኝ» አለችው።

«ወላሂ እህቴ፣ ካንቺ ሌላ የማምነው የለኝም» አለና የአክርማውን እስር ደጇ ላይ አስቀምጦ ሄደ። የቤቱ ጉሮሮ በእሱ እጅ ነውና እምቢ ማለት አልሆነላትም። ሙገሳም አንቆ ይይዛል።

ሰርጉ ሲቃረብ በሯን ዘግታ የልጇን ሰፌድ ጀመረች፤ እናቷ ያስተማረቻትን የአበባ ጌጥ፣ ድሮ ዐይኗን ጨፍና የምትሰፋውን። ይህ ቤት ያለ ሐዲያ እንዴት ሊሆን ነው እያለች ስታስብ እጇ ሥራውን ቀጠለ። ሐዲያ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«የማነው ይሄ?»

«ያንቺ ነዋ።»

ሐዲያ በጣቷ ወደ ሰፌዱ ጠቆመች። ሐሚዳ ጎንበስ ብላ ስታይ ቀዩ ኮከብ ቦታውን ይዟል፤ ከጎኑ የፈረንጅ ፊደሎቹ እግር ብቅ ብቅ ብሏል። ደንግጣ ፈታችው። እንደገና ጀመረች፤ አበባው ላይ ስትደርስ ወዴት እንደሚዞር ጠፋት። እናቷ በሕይወት የለች፣ የሚታይ ሰፌድ የለ። ወስፌውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አለቀሰች።

«ተይው እማዬ» አለች ሐዲያ እጇን ይዛ። «ያንኑ የፈረንጁን ስፊልኝ። የምትችይው እሱን ነው።»

ሐሚዳ ፊቷን በሻሿ ጠረገች። ከዚያም ለማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደሰፋችው አድርጋ፣ ያለ እንከን ሰፋችላት።